ኮምቦልቻ ላይ ለዋሻ ወፍ የተዘጋጀ ፎቅ፦ የአንድ ኢንቨስትመንት የጉዳይ ጥናት

የጉዳዩ መነሻ

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ነጋዴ ግንባታው መሐል ላይ የቆመ ባለ 3 ፎቅ ሕንፃ አላቸው። ምድር ቤቱ ለሱቅ ተከራይቷል። ላይኞቹ ፎቆች ግን ብሎኬታቸው ተደርድሮ፣ በርና መስኮት ሳይገጠምላቸው ቀርተዋል። ባዶውን ፎቅ ምን እናድርገው በሚባልበት ሰዓት ውጭ አገር የሚሠራ ዘመድ አንድ ቪዲዮ ላከላቸው። ቪዲዮው ማሌዥያና ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሰዎች መስኮት የሌለው ሕንፃ ሠርተው፣ የወፍ ድምፅ በስፒከር እየለቀቁ፣ ወፎቹ በምራቃቸው የሚሠሩትን ጎጆ ለቅመው ለምግብነት ለቻይና ገበያ በውድ ሲሸጡ ያሳያል።

በቪዲዮው ያለው ነገር ውሸት የለበትም። ችግሩ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። የነጋዴው ሕንፃ ጣሪያ ወደ ውጭ በወጣበት ቦታ፣ ከኮንክሪቱ ሥር፣ ቁመናቸው በቪዲዮው ካሉት ጋር የሚመሳሰል ትንንሽ ጥቁር ወፎች ለዓመታት ጎጆ ሠርተው ኖረዋል። ጎጆው በምራቅ እንደተጣበቀም በዓይን ይታያል። «ወፏ እኛ ቤት አለች፤ የቀረን ቤቱን ማስተካከል ነው» የሚለው ሐሳብ ከዚህ ተነሣ። ለሐሳቡ ተጠራጣሪ ያልነበረው በቂ በሚመስል ምክንያት ነበር ማለት ነው።

በቴሌግራም የተገኘ አቅራቢ ሙሉ ዕቃውን እንደሚያቀርብ ቃል ገባ፦ በፍላሽ የተቀዳ የወፍ ድምፅ፣ አምፕሊፋየር፣ ትዊተር የሚባሉት ትንንሽ ስፒከሮች፣ የእርጥበት ማሽን፣ ወፍ የሚስብ የተባለ ሽታ ያለው ፈሳሽ። ባለሙያዎች የተጠሩት ዕቃው ተገዝቶ፣ አንዱ ፎቅ ተዘግቶ፣ ወፍ ሳይገባበት ወራት ካለፉ በኋላ ነው። አንደኛው ባለሙያ አእዋፍን የሚያጠና፣ ሁለተኛው የሕንፃ መሐንዲስ ናቸው። የወጣው ገንዘብ መጠን በባለቤቱ ጥያቄ እዚህ አልተጻፈም።

ወፏ በአገሯ

በቪዲዮው ያለውን ነጭ የምራቅ ጎጆ የምትሠራው ወፍ ስዊፍትሌት ትባላለች፤ ሳይንሳዊ ስሟ ኤሮድራመስ ፉሲፋገስ ነው። ርዝመቷ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ክብደቷ ከ15 እስከ 18 ግራም ይደርሳል። ጀርባዋ ጥቁር ቡናማ፣ ሆዷ ፈዘዝ ያለ፣ ጭራዋ መሐሉ ላይ በጥቂቱ ገባ ያለ ነው። የምትኖረው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ዳርቻዎችና ደሴቶች ነው፤ ቦርኒዮ፣ ሱማትራና ጃቫ ዋና መኖሪያዎቿ ናቸው።

እግሯ በጣም አጭር ስለሆነ ቅርንጫፍ ላይም ሆነ ሽቦ ላይ መቆም አትችልም። ስታርፍ በጥፍሯ ቀጥ ያለ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥላ ነው። ቀኑን ሙሉ በአየር ላይ ትውላለች። ምግቧ ክንፍ ያወጡ ጉንዳኖችና ምስጦች፣ ጥቃቅን ዝንቦችና ሌሎች የሚበርሩ ነፍሳት ናቸው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ነፍሳት የማይጠፋበት ደን፣ የሩዝ ማሳ ወይም ረግረግ በአካባቢዋ ይፈለጋል።

ማታ ወደ ዋሻ ስትገባ ዓይኗ አይጠቅማትም። በአፏ ተከታታይ ክሊክ ታሰማለች፤ ድምፁ ከግድግዳው ተመልሶ ሲመጣ መንገዷን ታውቃለች። የሌሊት ወፍ ለዚህ የሚጠቀምበት ድምፅ በአብዛኛው ከሰው ጆሮ በላይ የቀጠነ ነው፤ የስዊፍትሌቷ ግን በደንብ ይሰማል፣ የማበጠሪያ ጥርስ በጥፍር ሲጫር የሚወጣውን ይመስላል። ይህ ድምፅ ጥቃቅን ነፍሳትን ለመለየት የሚበቃ ጥራት ስለሌለው አደኗን በብርሃን በዓይኗ ነው የምትፈጽመው። ከአእዋፍ መካከል ይህን ዘዴ የሚጠቀሙት ሁለት ወገኖች ብቻ ናቸው፦ የስዊፍትሌት ዘመዶችና በደቡብ አሜሪካ ዋሻዎች የምትኖረው፣ ሌሊት ወጥታ ፍራፍሬ የምትበላው ኦይልበርድ።

ለዚህ ጉዳይ ወሳኙ ነጥብ ይኸው የጨለማ ችሎታ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ቦርኒዮ፣ በማሌዥያ ሳባ ግዛት ባለው የጎማንቶንግ ዋሻ የተለያዩ የስዊፍትሌት ዝርያዎች በአንድ ላይ ይኖራሉ፤ ቦታቸው ግን አይደባለቅም። ባለ ነጭ ጎጆዋና ባለ ጥቁር ጎጆዋ በክሊክ እየተመሩ ጨለማው ውስጥ ገብተው ይሠራሉ። ክሊክ የማታሰማዋ አንጸባራቂዋ ትንሽ ዘመዳቸው ደግሞ ብርሃን በሚደርስበት የዋሻው አፍ አካባቢ ትቀራለች። ጨለማው ከጉጉትና ከሌሎች አዳኞች ይሰውራል፤ የሚገባበት ግን መንገዱን በጆሮው የሚያውቅ ብቻ ነው።

ጎጆው የሚሠራበት መንገድም የተለየ ነው። በመራቢያ ወቅት ከምላሷ ሥር ያሉት የምራቅ ዕጢዎች ያብጣሉ። ወፏ ራሷን ወዲያና ወዲህ እያመላለሰች ምራቁን እንደ ክር ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች፤ ምራቁ አየር ሲያገኝ ይደርቃል፣ በላዩ ሌላ ይደረባል። ግማሽ ክብ የሆነው ጎጆ ለማለቅ 1 ወር ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። 2 ነጫጭ እንቁላል ትጥላለች፤ ከ3 ሳምንት በላይ ታቅፋለች፤ ጫጩቶቹ እስኪበርሩ ደግሞ 6 ሳምንት ያህል ይቆያሉ። ከላባ ነጻ የሆነ ምርጥ ጎጆ 10 ግራም ገደማ ስለሚመዝን 1 ኪሎ ለመሙላት 100 ያህል ጎጆ ያስፈልጋል። ባለ ጥቁር ጎጆዋ ኤሮድራመስ ማክሲመስ ምራቋን ከላባዋ ጋር ስለምትደባልቅ ጎጆዋ ብዙ ማጽዳት ይጠይቃል፤ የምትጥለውም 1 እንቁላል ብቻ ነው። በሣርና በድንጋይ ሽበት (ላይከን) የሚሠሩም አሉ፤ የእነዚህ ጎጆ ለምግብ ገበያ የሚፈለግ አይደለም።

አቅራቢው በላከው ፎቶ ላይ ቀይ ጎጆ «የወፏ ደም ስለገባበት ውድ የሆነ» ተብሎ ቀርቧል። ደም አይደለም። ቀለሙ ከሚብላላ ኩስ ከሚወጣው ናይትራይት ከሚባል ኬሚካል ጋር የተያያዘ ነው። ቻይና በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከማሌዥያ የሚገባውን ጎጆ ያገደችው ናይትራይቱ ከልክ በላይ ሆኖ ስለተገኘ ነበር።

ከዋሻ ወደ ሕንፃ የገባችበት መንገድ

ስዊፍትሌት ሰው ቤት መግባት የጀመረችው ጃቫ ውስጥ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በራሷ ፈቃድ ነው። ባዶና ጨለማ ቤቶችን እንደ ዋሻ ወሰደቻቸው። ሰዎች ይህን አይተው ቤት ማዘጋጀት ጀመሩ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1997 የእስያ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ደግሞ ማሌዥያ ውስጥ ብዙ ባዶ የቀሩ ሱቆችና ፎቆች ወደዚህ ሥራ ዞሩ።

ጥሩ የሚባል ቤት ውስጡ ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ ከ80 እስከ 90 በመቶ ነው። ብርሃኑ ከ2 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) አይበልጥም። ጣሪያው ላይ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያላቸው ጣውላዎች ጎናቸውን ወደ ታች አድርገው ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው ይሰቀላሉ። ጣውላው ሽታ የሌለውና ሻጋታ የማይዘው መሆን አለበት። በመግቢያው ቀዳዳ ላይ ጠንከር ያለ የጥሪ ድምፅ፣ በውስጥ ደግሞ ዝቅ ያለ የጎጆ ድምፅ ይለቀቃል።

ድምፁ የሚጠራው በአካባቢው ቀድሞ የሚበርረውን ወፍ ነው። እዚያው አገር እንኳ በወፍ በረራ መሥመር ላይ ያልዋለ ቤት ለዓመታት ባዶውን ይቆማል፤ ቪዲዮ የሚሠራለት ግን የሞላው ብቻ ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ምን ተሠራ

ከላይ ያለው ፎቅ መስኮቶች በብሎኬት ተዘጉ። በምሥራቅ በኩል ወርዱ 60፣ ቁመቱ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ቀዳዳ ተተወ። ጣሪያው ላይ የባሕር ዛፍ ጣውላ ተሰቀለ፤ ሳይደርቅ ስለተሰቀለ ተጣመመ፣ ሽታውም ክፍሉን ሞላው። ለጊዜው ልስን የተለሰነው አንዱ ክፍል ብቻ ነበር። ድምፁ ከንጋት እስከ ምሽት ተከፈተ፤ ምድር ቤት ያሉት ተከራዮች ያማረሩት ወዲያው ነው። የእርጥበት ማሽኑ ሌሊቱን ሁሉ ይሠራል።

በቀዳዳው የገቡት መጀመሪያ ርግቦች፣ ቀጥሎ የሌሊት ወፎች ናቸው። ጣሪያው ሥር ያሉት ትንንሽ ወፎች አንድም ቀን አልገቡም። አቅራቢው ሲጠየቅ ፈሳሹን ጨምሩ አለ፤ ፈሳሹ የአሞኒያ ሽታ ያለው ሲሆን ዓላማው ሌሎች ወፎች ቀድመው የኖሩበት ለማስመሰል ነው።

አንደኛ ምርመራ፦ ጣሪያው ሥር ያሉት እነማን ናቸው?

ሥራው ከዚህ መጀመር ነበረበት፤ ወጪውም አንድ ባይኖኩላር ነው። ወፎቹ በሚዞሩበት ሰዓት ከሰገነቱ ላይ ሆኖ ከጎን ሲታዩ ከጭራቸው በላይ ሰፊ ነጭ ቀበቶ ይታያል፤ ነጩ ወደ ጎንም ይዞራል። ጉሮሯቸው ነጭ ነው። ጭራቸው ሲዘረጋ ጫፉ ቀጥ ያለ እንጂ የተሰነጠቀ አይደለም። እነዚህ ሦስት ምልክቶች አንድ ላይ የሚገኙት በትንሿ ስዊፍት፣ በሳይንሳዊ ስሟ አፐስ አፊኒስ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች ድልድይ ሥርና ፎቅ ላይ የምትታየው ይህች ናት። ጭራዋ በጥልቀት የተሰነጠቀና ነጩ ቀበቶዋ ቀጭን የሆነ ሌላ ስዊፍት አለች፤ የምትኖረው አብዛኛውን ጊዜ ሌሎች ወፎች በጭቃ የሠሩትን ጎጆ ነጥቃ ነው። ደሴ ዙሪያ ባሉት ገደሎች የሚዞሩት ደግሞ ነጭ ቀበቶ የሌላቸው፣ ከሩቅ ጥቁር የሚመስሉ ስዊፍቶች ናቸው። ሁሉም እንደ ስዊፍትሌት የስዊፍት ቤተሰብ ናቸው፤ ከእነዚህ ግን በጨለማ በክሊክ የሚመራ አንድም የለም።

ትንሿ ስዊፍት ቁመቷ ከስዊፍትሌት ጋር እኩል ነው፤ አካሏ ግን ሞላ ያለ ነው። ጎጆዋ በላባና በሣር የተሠራ፣ በጎኑ መግቢያ ያለው የተዘጋ ከረጢት ነው። ላባውንም፣ የተክል ጥጡንም በአየር ላይ እየበረረች ትለቅማለች፤ ምራቋ ማጣበቂያ ብቻ ነው። የዚህ ሕንፃ ጎጆዎች ውስጥ ላባ፣ ሣር፣ የማዳበሪያ ከረጢት ክርና የጥጥ ብናኝ ተገኝቷል፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለበት ከተማ የሚጠበቅ ነው። ጎጆዎቹ ተጠጋግተው ስለሚሠሩ ግድግዳቸው ይጋራል። ወፎቹ ከመራቢያ ወቅት ውጭም ሌሊቱን የሚያድሩት እዚያው ነው።

ነጋዴውን ያሳመነው ግን ገለጻው አልነበረም፤ የውሃው ሙከራ ነው። ወድቆ የተገኘ አሮጌ ጎጆ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ተነከረ። እውነተኛው ነጭ ጎጆ ከጥቂት ሰዓት በኋላ አብጦ፣ ለስልሶ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ክር ይሆናል። የዚህኛው ጎጆ ውሃ ጠቆረ፣ ላባው ተንሳፈፈ፣ ሣሩ ተበታተነ፣ ከሥሩ አሸዋና ኩስ ቀረ። በወንፊት ሲጠለል ምራቅ ነው ሊባል የሚችል ነገር በጣት የሚያዝ አልነበረም። መሣሪያውን የገጠመው የእህታቸው ልጅ «ጋሼ፣ ይኼማ የትራስ ጥጥ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ወፉ ማንነት ክርክር አልተነሣም።

ይህን ሙከራ መድገም የሚፈልግ ጎጆ ከግድግዳ ማላቀቅ የለበትም። ከሥር የወደቀ ሁልጊዜ ይገኛል። በጓንትና በአፍንጫ መሸፈኛ ያንሱት፤ አሮጌ ጎጆ ቁንጫና ትኋን መሰል ነፍሳት ይኖሩበታል።

ሁለተኛ ምርመራ፦ ድምፁ ወፍ ጠርቷል ወይ?

ነጋዴው አንድ ጠንካራ መከራከሪያ ነበራቸው። ምሽት ላይ ድምፁ ሲከፈት ወፎቹ እየጮኹ ሕንፃውን በክብ ይዞሩታል፤ በስልክ ቀርጸውታል። አቅራቢውም ይህንኑ ቅጂ «ሊገቡ ነው» የሚል ጽሑፍ አክሎ ለሌሎች ደንበኞች እያሳየበት ነበር።

ስዊፍቶች ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ተሰባስበው እየጮኹ መዞራቸው የታወቀ ጠባያቸው ነው፤ ድምፅ ኖረም አልኖረም። ይህን ለመለየት ቀላል ዘዴ ተወሰደ። አንድ ምሽት ድምፁ ይከፈታል፣ በሚቀጥለው ይዘጋል፤ እንዲህ እየተፈራረቀ ሁለት ሰዎች በሁለት ማዕዘን ቆመው ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ከቀዳዳው 5 ሜትር ርቀት ውስጥ ያለፈውን ወፍ ይቆጥራሉ። ቆጣሪዎቹ እንዳይነጋገሩ ተደረገ። ደመናና ዝናብ ያለበት ምሽት ተሰረዘ፤ ስዊፍት በዝናብ ጊዜ ነፍሳት ወዳለበት ርቆ ስለሚሄድ ቁጥሩን ያዛባል። በክፍትና በዝግ ምሽቶች መካከል ልዩነት አልታየም። ቀዳዳው ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለ ወፍም አልነበረም፤ እዚህ ላይ መታየት የነበረበት ዋና ምልክት ይህ ነው፤ ሊገባ የሚፈልግ ወፍ መጀመሪያ ጠርዙን ይይዛል።

ከኤሮድራመስ ወገን የትኛውም ዝርያ በአፍሪካ ዋና ምድር አይኖርም። ለኮምቦልቻ ቅርብ የሚባሉት በሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች፣ በሲሸልስ፣ በሞሪሸስና በሬዩኒዮን ያሉት ናቸው። የሲሸልሷ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፣ ጎጆዋም ከድንጋይ ሽበት የሚሠራ ነው። ስፒከሩ ምንም ያህል ቢጮኽ የሚሰማው ወፍ የለም ማለት ነው።

ሦስተኛ ምርመራ፦ ሙቀቱና ውሃው

መሐንዲሱ ሙቀትና እርጥበት የሚመዘግብ መሣሪያ ሰቀሉ፤ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ በጥላ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቀኑ ሞቃት ቢሆንም በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ባለ ቀዳዳ ብሎኬት ሙቀት አይይዝም፤ የቆርቆሮ ጣሪያው ደግሞ ሰማይ ጥርት ባለበት ሌሊት ከአየሩም በላይ ይቀዘቅዛል።

አቅራቢው ያዘዘው 27 ዲግሪ ሙቀትና 85 በመቶ እርጥበት ነው። እንዲህ ያለ አየር ከ24 ዲግሪ በታች የሆነ ግድግዳ ሲነካ ውሃ ሆኖ ይወርዳል። የኮምቦልቻ ብሎኬት ግድግዳ በሌሊት 24 ዲግሪ ሊሆን የሚችልበት ወቅት የለም። ስለዚህ ማሽኑ ያወጣው እንፋሎት ሁሉ ግድግዳና ቆርቆሮ ላይ ውሃ ሆነ። ልስኑ ላይ ጥቁር ሻጋታ ወጣ፣ ጣውላው አረንጓዴ ሆነ፣ የኤሌክትሪክ ሳጥኑ ውስጥ ዝገት ተገኘ። ከሥር ያለው ሱቅ ኮርኒስ ላይ የታየው ቢጫ ክብም ምንጩ ይኸው ነው፤ ባለቤቱ የጣሪያ ፍሳሽ መስሏቸው ቆርቆሮውን ሁለት ጊዜ አስለጥፈዋል።

ሙቀቱን በማሞቂያ መጨመር ይቻላል ወይ ተብሎ ተጠይቋል። ቤቱን ማሞቅ ይቻላል፤ ግድግዳውንና ጣሪያውን ከውስጥ በፎም መሸፈንና ሌሊቱን ሁሉ መብራት መክፈል ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ግን ወፍ ለሌለበት ቤት ነው።

እንቁላል የማስመጣት ሐሳብ

አቅራቢው ሲጨንቀው አዲስ ነገር አመጣ፦ የስዊፍትሌት እንቁላል አስመጥቶ ጣሪያው ሥር ባሉት ወፎች ማሳቀፍ። ሐሳቡ ከየትም የመጣ አይደለም፤ ጃቫ ውስጥ የባለ ነጭ ጎጆዋን እንቁላል በአንጸባራቂዋ ዘመድ ጎጆ ውስጥ እየቀየሩ ቤት መሙላት ለረጅም ጊዜ ተሠርቶበታል። እዚያ የሠራው ግን አሳዳጊዋ የቅርብ ዘመድ ስለሆነች፣ በዚያው ሕንፃ ውስጥ ቀድማ ስለምትኖርና ጎጆዋ ክፍት ስለሆነ ነው። የትንሿ ስዊፍት ጎጆ የተዘጋ ነው፤ እንቁላል ለመቀየር መቅደድ ያስፈልጋል፤ የተቀደደ ጎጆ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይተዋል። ጫጩቱ ቢያድግ እንኳ ያደገበት ቦታ ብርሃን ያለበት የጣሪያ ጠርዝ ነው። የኮምቦልቻን የታኅሣሥ ሌሊትም ብቻውን ማለፍ አለበት።

ሕጉም አለ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፤ የአገር ውስጦቹ ስዊፍቶችም ከዚህ ውጭ አይደሉም። ሕይወት ያለው እንቁላል በሻንጣ ማስገባት የወፍ በሽታ ይዞ መግባት ሊሆን ይችላል፤ ዶሮ እርባታ በየሰፈሩ ባለበት አካባቢ ይህ ቀልድ አይደለም። ከሁሉም ምርመራዎች አጭሩ ይህ ነበር፤ ነጋዴው ራሳቸው ተውት።

የተሳካውና ያልተሳካው

የውሃው ሙከራና የተፈራረቀው የምሽት ቆጠራ ሠርተዋል፤ ሁለቱም በቤተሰቡ ፊት፣ በራሳቸው እጅና ዓይን የተደረጉ ናቸው። ስለ እስያ ሙቀትና እርጥበት በወረቀት የቀረበው ሰንጠረዥ ግን ምንም አልረዳም። «ወጪ ከወጣ በኋላ የመጣ ወረቀት» ተብሎ ተቀመጠ። ቁጥሩ ትርጉም ያገኘው መሐንዲሱ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ውሃውን ካሳዩ በኋላ ነው።

ገንዘብ ማስመለስ አልተቻለም። አቅራቢው ደረሰኝ አልሰጠም፣ ውሉ በድምፅ መልእክት ብቻ ነበር፣ መልእክቶቹም ከላኪው በኩል ተሰርዘዋል። በእኛ ግምት ከዚህ ጉዳይ ትልቁ ኪሳራ ዕቃው ሳይሆን ፎቁ ነው፤ መስኮቱን መልሶ መክፈትና ልስኑን መጠረብ ከስፒከሮቹ በላይ ወጥቶበታል።

ርግቦቹን ማስወጣት ቀላል ነበር፤ ቀን ምግብ ፍለጋ ሲወጡ ቀዳዳው በሽቦ ወንፊት ተዘጋ። የሌሊት ወፎቹ ግን ጥንቃቄ ጠይቀዋል። ቀዳዳው ላይ ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት የፕላስቲክ መጋረጃ ተንጠልጥሎ፣ ሁሉም ወጥተው ማለቃቸው ማታ ማታ ከታየ በኋላ ነው የተዘጋው። በመጀመሪያው ሙከራ መጋረጃው አጭር ስለነበር በሥሩ ተመልሰው ገብተዋል፤ ከቀዳዳው በታች አንድ ክንድ ያህል ሲረዝም መመለስ አቆሙ። ግልገል በሚያጠቡበት ወቅት ይህ መደረግ የለበትም፤ ግልገሎቹ ውስጥ ቀርተው ይሞታሉ፣ ሽታውም ለሳምንታት አይለቅም።

ሌላ ሰው ተመሳሳይ ነገር ሲቀርብለት

ከውጭ የመጣ የእንስሳ ወይም የተክል ሥራ ሲቀርብ ከዋጋውና ከገበያው በፊት የሚጠየቀው «እንስሳው ከየት ይመጣል?» የሚለው ነው። ንብ አናቢ ቀፎ ሲሰቅል መንጋ በአካባቢው እንዳለ ያውቃል። አቅራቢው ለዚህ ጥያቄ በድምፅ፣ በሽታ ወይም በፈሳሽ ከመለሰ መልስ አልሰጠም።

መመሳሰልን በምልክት ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ አንዱ ምልክት አይበቃም፣ በተለይ ደግሞ ዋጋ ያለው ነገር ራሱ፣ እዚህ ላይ ጎጆው፣ መፈተሽ አለበት። አንድ ነገር «ሠርቷል» ሲባል ባይደረግ ኖሮ ምን ይታይ እንደነበር አብሮ ይታይ፤ ዘግቶ መቁጠር የሚያስከፍለው ምሽት ብቻ ነው። ሕንፃ ላይ ለውጥ ከመደረጉ በፊት ቢያንስ የአንድ ቀዝቃዛ ወር የሌሊት ሙቀት ይመዝገብ። ሙከራው በአንድ ክፍል፣ ሊፈርስ በሚችል ነገር፣ ለምሳሌ በጥቁር ላስቲክና በእንጨት ፍሬም ቢደረግ ኖሮ መስኮቶቹ በሲሚንቶ አይዘጉም ነበር።

እና ዕቃ ከመግዛት በፊት እዚያው አገር የሞላውን ቤት ብቻ ሳይሆን ያልሞላውን ቤት ባለቤት ማነጋገር ይጠቅማል። የእነሱ ቪዲዮ ስለማይዞር መፈለግ ይጠይቃል።

ሕንፃው ላይ የቀረው ሥራ

የተዘጉት መስኮቶች ተከፍተዋል። ሻጋታው ያረፈበት ልስን እስከ ብሎኬቱ ተጠርቦ ተነሥቷል፤ በላዩ ቀለም መቀባት ሻጋታውን ስለማያስቆም። ኩሱ የተጠረገው መጀመሪያ ውሃ ተረጭቶበት፣ ኤን 95 ማስክና ጓንት ተደርጎ ነው። የደረቀ የሌሊት ወፍና የርግብ ኩስ ሲጠረግ በሚነሣው አቧራ ውስጥ ሳንባ የሚያሳምም ፈንገስ ሊኖር ይችላል፤ በደረቁ በመጥረጊያ መጥረግ ፈጽሞ አይገባም።

ትንንሾቹ ስዊፍቶች ከጣሪያው ሥር አልተነሡም። ተከራዮቹ ከስፒከሩ ድምፅ ሌላ ያማርሩ የነበረው ከሱቁ በር ላይ ስለሚወድቀው ኩስ ነው። ከጎጆዎቹ በታች 1 ሜትር ተኩል ያህል ዝቅ ብሎ 30 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው የቆርቆሮ መደርደሪያ በብረት ድጋፍ ተሰቅሏል። ከጎጆዎቹ በጣም ቢጠጋ ወፎቹ ለመብረር የሚወድቁበትን ባዶ አየር ይዘጋባቸዋል፤ ስዊፍት ከጎጆ ሲወጣ መጀመሪያ ወደ ታች ይወድቃልና። መደርደሪያው ትንሽ ወደ ውጭ ያዘነበለ ሆኖ ጫፉ ላይ ከንፈር አለው፤ በየ3 ወሩ በመፋቂያ ተፍቆ ይጸዳል፣ ኩሱም ወደ ጓሮ ጎመን ይሄዳል።